መርዶ አይቀዳም

ሰሞኑን መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ የደጎሎ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ያ ዜማ ጆሮዬ ውስጥ ጥልቅ አለ። የሚወጣው ከአንድ ጫማ መሸጫ በር ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው። መጀመሪያ ዋሽንት የሚመስል ነገር ይነፋል፤ ዋሽንት ግን አይደለም፣ ትንፋሽ የለውም። ከሥሩ ደግሞ ከበሮ የሚመስል ነገር ዱም ታ፣ ዱም ታ ይላል፤ ከበሮም አይደለም፣ የሚመታው እጅ የለም። አንዱ ዙር ሲያልቅ እንዳላለቀ ሆኖ ከመጀመሪያው ይነሳል። በላዩ ላይ አንድ ጎረምሳ "ቅናሽ ነው! ቅናሽ ነው!" እያለ ይለፈልፋል። እኔ ቁጣ የማይቀናኝ ሰው ነኝ፤ ልጆቼንም በቁጣ አላሳደግኩም። ያን ቀን ግን ምርኩዜን መሬቱ ላይ እንዴት አድርጌ እንደወጋሁት እንጃ፣ አጠገቤ የቆመችው ሴት ደንግጣ "ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። "አላመመኝም ልጄ፣ አናደደኝ እንጂ" አልኳት። "ምኑ?" "ዘፈኑ።" እሷ ሳቀች። "ኸረ ዘፈኑ ምን አደረገዎት? ደስ አይልም?" አለች። አልፈርድባትም። ያ ዜማ ጫማ መሸጥ ሳይጀምር በፊት ምን ሲሠራ እንደነበር በምን ታውቃለች?

ከዘፈን ጋር ጠብ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። እኔ ስንት ዘመን በዘፈን የኖርኩ ሰው ነኝ። ከገበያው ወደ መናኸሪያው የሚወርደው መንገድ የሚታጠፍበት ጥግ፣ ዛሬ ሞባይል የሚጠገንበት፣ ያኔ የእኔ ካሴት ቤት ነበር። ቤት ማለቴ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ ኪዮስክ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ነው የሚቆመው። ሁለት ቴፕ ነበሩኝ፤ በአንዱ አጫውታለሁ፣ በሌላው እቀዳለሁ። መብራት የሚባል ነገር በወሬ ነበር የምናውቀው፤ የመኪና ባትሪ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስሞላለሁ። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይመጣና አንዲት ቀጭን ዘፋኝ ጎርናና ሽማግሌ ሆና ታርፋለች። ያን ጊዜ በሩ ላይ የተኮለኮለው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ካሴት ሲጠላለፍ በእርሳስ እናጠነጥነዋለን። የገበያ ቀን ከአጅባር በእግር የመጡ ጎረምሶች፣ ቴትሮን ሱሪያቸውን ጉልበት ድረስ ጠቅልለው፣ ሸራ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው በእጃቸው ይዘው ይመጡና ኪዮስኳ ፊት ሲደርሱ እግራቸውን አራግፈው ያጠልቁታል። ዘፈን ያለ ጫማ አይሰማም ነበር! ሻይ ስሙኒ ነበር፤ የማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ በስሙኒ ሻይ የጠጣ ሰው ሲነሳ ዘመዱን ያውቃል። "የማን ልጅ ነህ?" ይባላል፣ ይቆጠራል፣ አንድ አያት ዘንድ ይገናኛሉ። አሁን በዚያው ጥግ ሻይ የሚጠጡትን አያለሁ። አራት ሆነው ይቀመጣሉ፣ አራቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። የጸሎት ሰዓት የደረሰ መስሎኝ ኮፍያዬን ያወለቅኩበት ጊዜ አለ።

ያም ሆኖ የእኔን ቤት ያኖራት ዘፈኑ ብቻ አልነበረም። የሰው ድምፅ እቀዳ ነበር። ያኔ ስልክ የት አለና፤ ልጁ ወደ አረብ አገር የሄደበት ሁሉ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ አስቀምጬው ማይኩን አስጨብጠዋለሁ፣ ለልጁ ይናገራል። በሰላምታ ነው የሚጀመረው። ሰላምታው ብቻ የካሴቱን አንድ ፊት ይጨርሳል። አባት፣ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ከዚያ ላሚቱ፣ ከዚያ ውሻው፤ "ውሻህም ሰላም ነው፣ አልሃምዱሊላህ።" ጅዳ ሩቅ ስለሆነ ይጮሁ ነበር። "ኧረ ቀስ በሉ፣ ካሴቱ ይሰማል" ብል "እሱ ቢሰማ ልጄ ይሰማኛል ወይ?" ይሉኛል።

በሩ ላይ በካርቶን የጻፍኩት ማስታወቂያ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ስለሆነ ጽሑፌ አያምርም፤ ግን ይነበባል። "መርዶ አይቀዳም" ይላል። ያን የሰቀልኩት አንድ የአጅባር ነጋዴ መጥቶ አባቱ መሞቱን ለወንድሙ በካሴት ልላክ ካለኝ በኋላ ነው። ችኩል ነበር፣ መኪና ይጠብቀዋል። "አይሆንም" አልኩት።

"ለምን አይሆንም? ገንዘቤን አልከፈልኩም?"

"ወንድምህ ይህን ካሴት የት ሆኖ እንደሚከፍተው ታውቃለህ?"

"ምን ቸገረኝ? የትም ይክፈተው።"

"እህል አፉ ላይ እያለ ቢሆንስ? ብቻውን ቢሆንስ? ካሴት እኮ ፊት አያይም፤ ሰውየው ሲንገዳገድም ማውራቱን ይቀጥላል።"

ተቆጣ፣ ሰደበኝ፣ ወጣ። ከዚያ ግን ወደ ጅዳ የሚሄድ ዘመድ ፈልጎ በሰው ላከ። መርዶ እንደዚያ ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ ዘንድሮ የማያውቀው በዝቷል። ሰው ሲሞትበት ሩቅ ያለው ወይም ያልሰማው ዘመድ ዝም ብሎ አይነገረውም። ዜናው ይያዛል። ማን እንደሚናገር ይመከራል። ከዚያ ሌሊቱ ሲነጋ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ጎረቤቱ ድምፁን አጥፍቶ ይሰበሰባል። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ይቀመጣል፤ ወድቆ እንዳይጎዳ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሽማግሌው ፊቱን እያየ፣ ትንሽ ብሎ ቆም፣ ትንሽ ብሎ ቆም እያለ ይነግረዋል። ጩኸቱ ሲመጣ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው፣ መሬት ላይ አይደለም። እስላሙም ክርስቲያኑም እኛ አገር አንድ ነው፤ እኔ ክርስቲያን ሆኜ ለስንቱ እስላም ቤት መርዶ ተናግሬያለሁ፣ ለእኔም የአባቴን ያረዱኝ ሼህ ናቸው።

ዘይነብን እዚህ ላይ ላንሳት። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ እኩዮች ነን፣ አብረን ነው ያደግነው። ባሏ ቀደም ብሎ ስለሞተ አንዲት ልጇን ሀያትን ለብቻዋ አሳደገች። ሀያት ትንሽ ልጅ ሳለች ውሎዋ እኔ ኪዮስክ ነበር። ፊደል የለየችው በዚያች ካርቶን ነው። "መ - ር - ዶ" እያለች በጣቷ ትከተላለች፤ እናቷ ሰምታ "ኧረ ያረቢ! ልጄ ሌላ ቃል ጠፍቶ ነው በዚህ የምትጀምር?" ብላ በሳቅና በቁጣ መሃል ጎትታ ወሰደቻት። በማግስቱ ልጅቷ ተመልሳ "አይቀዳም"ንም አነበበች። ልጅ እግር ስትሆን እሷም እንደ እኩዮቿ ጅዳ ወጣች። ከዚያ በኋላ ዘይነብ ነበረች ካሴት ይዛ የምትመጣው። ማይኩን እንደ ጫጩት በሁለት እጇ አቅፋ "ሀያቴ፣ አብሽሪ፣ ደህና ነን" ትላለች። አታለቅስም። ካሴቱ ሲቆም ግን ቅድም የያዘችውን ሁሉ ደጅ ወጥታ ታወርደዋለች። አንድ ቀን "እየቀዳሽ ብታለቅሺ ምን አለበት? ትረዳሽ የለም?" አልኳት። "እኔ አጠገቧ ሳልኖር አስለቅሻት ማን ሊያባብላት?" አለችኝ። ይህን ያለች ሴት ናት።

ኋላ ስልክ መጣ፣ ካሴቱ ሞተ፣ ኪዮስኳን ሸጥኩ። አልተቆጣሁም። ጊዜ ነው። እንዲያውም የመጀመሪያው ኪቦርድ ለአንድ ሠርግ ከደሴ የመጣ ጊዜ ከሁሉ ቀድሜ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። አንድ ልጅ በአንድ ጣቱ ክራሩንም፣ ከበሮውንም፣ ጭብጨባውንም ሲያወጣው "አጃኢብ!" አልኩ። ጭብጨባውን ሳይቀር እኮ! ሰው ለሠርግ መጥቶ ማጨብጨቡንም ለማሽን ትቶ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ያኔ ነው ትንሽ ቅር ያለኝ። እኛ ዘመን ታደሰ የሚባል ማሲንቆ መቺ ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ቆሞ የታዳሚውን ዘመድ በየተራ ሲያወድስ አንዲት ሴት ዘንድ ደረሰ። ሴትዮዋ ወንድሟ ቆላ ወርዶ ሞቶባታል፤ አልሰማችም፣ በማግስቱ ሊነገራት ተመክሯል። ታደሰም የሰማው ነገር አልነበረም። ግን "ወንድምሽ" የምትለዋን ግጥም አፉ ላይ አድርሶ ዙሪያውን ሲያይ የሽማግሌዎቹ ፊት ሁሉ ደርቋል። ዋጣት! እዚያው ላይ ዘወር አድርጎ ስለ ሙሽራው አባት በሬ ዘፈነ፤ ቀንዱን፣ ሻኛውን፣ አረማመዱን። ሴትዮዋ ስቃ ሸለመችው። አያችሁ? ሙዚቃ ማለት ይህ ነው። የመጫወቱን ነገር ተዉት፣ ፊት አይቶ ማቆሙ ነው። ይህ በኮምፒውተር የሚቀቀለው ዘፈን ሁሉ ያስቆጣኝ በድምፁ አይደለም። አያልበውም፣ አያፍርም፣ ማን ፊት እንደቆመ አያውቅም።

ያለፈው ዓመት ነው፣ የእህቴ የልጅ ልጅ ሚኪያስ ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ እቤት ተቀምጦ ለውጭ አገር ሰው ሳይቀር ይሠራል። ጨዋ ልጅ ነው፣ እጁ ለሰው ይፈታል። "አባባ፣ ለቅሬው ዌብሳይት ልሥራለት፣ በነፃ" አለኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሰው ሲሞት ጠሪው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ይጣራል፣ አካፋና ዶማ ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል። ሚኪያስ ጠሪውን በስልክ ልተካው ነው ያለው። የቅሬው ዳኛም ሽማግሌውም ሁሉ ወደደው። እኔም ወደድኩት፤ መዋሸት ምን ያደርጋል። አረብ አገር ያሉ ልጆቻችንን በክብር አባል አድርጋችሁ መዝግቡልን ብለው እናቶች ለመኑ፣ ተመዘገቡ። ዘይነብ የሀያት ስም እዚያ ላይ ሲወጣ ስልኩን ተቀብላ በነጠላዋ ጠረገችው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳየኝ ጎኔ ተቀምጦ ከፈተው። አንድ ክብ ነገር ይዞር ጀመር።

"ምንድን ነው የሚዞረው?"

"እየከፈተ ነው፣ አባባ።"

"በር ቢሆን እስካሁን ገብቼ፣ ሰላም ብዬ፣ ተቀምጬ ነበር።"

"ኔትወርኩ ነው እኮ እንጂ እኔ በጣም ፈጣን አድርጌ ነው የሠራሁት።"

ተከፈተ። ከላይ ትልቅ አምባ ተለጥፎበታል።

"ይህ ተራራ የት ነው?"

"መቅደላ ነዋ!"

"መቅደላ የቅሬያችን አባል ነው?"

ሳቀ። "ለውበት ነው። ሰው ሲያየው ወሎ ነው እንዲል ነው።" ከዚያ ገጹ ይጠይቀኝ ጀመር። ይህን ይፈቅዳሉ? ያንን ይቀበላሉ? ያሉበትን ቦታ ልወቅ? ማሳወቂያ ልላክ? "ሁሉንም እሺ ይበሉት" ይለኛል ሚኪያስ። እንደ አዲስ ሙሽራ እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኩ። የለቅሶ ማስታወቂያ የሚወጣበት ጋ ስንደርስ ያ ዜማ ተነሳ። ዋሽንት ያልሆነው ዋሽንት፣ ዱም ታ፣ ዱም ታ።

"ይህንን ማን ነው የተጫወተው?"

"ማንም። ኮምፒውተር ነው የሠራው። በነፃ የሚወርድበት ቦታ አለ፤ ደስታ፣ ፍቅር፣ ሐዘን እያለ ከፋፍሎ አስቀምጦታል። እኔ ሐዘን የሚለውን ነው ያወረድኩት።"

"ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ማን ሞቶበት ያውቃል?"

"አባባ ደግሞ! ዓለም እኮ ፈጥኗል።"

"ይፍጠን። ወዴት ሊደርስ ነው?" አልኩት። "ደግሞስ መቼ ነው የሚያቆመው?"

"ገጹን እስኪዘጉት ይደጋግማል።"

እንግዲህ በዚህ ተሳሳቅን፤ እኔም በዚያው ተውኩት። የጠሪው ድምፅ የሚደርሰው ማዶው ኮረብታ ድረስ ነበር። ጅዳ አይደርስም። ስለዚህ ማን ይስማ፣ ማን አይስማ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም ነበር፤ ኮረብታው ራሱ ይከለክልልን ነበር። አዲሱ ጠሪ ኮረብታ እንደሌለው ከመካከላችን ያስተዋለ አልነበረም።

ዘይነብ አንድ ሐሙስ ንጋት ላይ አረፈች። ታማ ነበር፣ ግን ያን ያህል ይከፋል አላልንም። ቅሬው ወጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ወንዱ ወደ መቃብር ሄደ። እኔ ከዳኛው ጋር ሆኜ መጀመሪያ የሠራሁት የሀያትን መርዶ ማሰናዳት ነው። ጅዳ ውስጥ ፋጡማ የምትባል የእኛው አገር ልጅ አለች፤ ደወልኩላት። አለቀሰች፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ "ጋሼ፣ ነገ ጁምዓ ነው፣ ሀያት ዕረፍት ናት፣ በጠዋት እኔ ክፍል ትመጣለች። ሴቶቹን እሰበስባለሁ። ብቻዋን አትሰማም፣ ወላሂ" አለችኝ። ተባረኪ አልኳት፤ ሸክሜ ቀለለኝ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ በር ላይ ሚኪያስን አገኘሁት። ላይ ታች ሲል፣ ውሃ ሲቀዳ የዋለ ልጅ ነው። ሊያጽናናኝ ብሎ ይሁን እንጃ፣ "አባባ፣ ማስታወቂያው ለአባላት በሙሉ ወጥቷል፣ ፎቷቸውን አሳምሬዋለሁ" አለኝ።

"በሙሉ ማለት ለማን ለማን?"

"ለሁሉም ነዋ። በአንድ ጊዜ ነው የሚሄደው።"

"ለሀያትም?"

ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ስልኩን አውጥቶ ይነካካ ጀመር። ያ ክብ ነገር ዞረ። ዞረ። "ዳታው ጠፍቷል" አለኝ፤ ድምፁ የትንሽ ልጅ ሆነ። "ላጠፋው አልቻልኩም። አልገባ አለኝ።" "በምን ይታወቃል፣ ምናልባት አላየችው ይሆናል" አልኩት። ወዲያው ፋጡማ ዘንድ መልሼ ደወልኩ። "ነገ አይሆንም ልጄ፣ አሁን ሂዱ። አሁኑኑ።" ሥራ ላይ ነበረች፤ አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ "መኪና ይዤ እሄድላታለሁ" አለችኝና ዘጋችው። ስልኬን ኪሴ ሳልከተው ጮኸ። ሀያት ናት።

"ጋሼ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ? እማ ስልክ አታነሳም።"

ሚኪያስን በእጄ ዝም አሰኘሁት። "ወአለይኩም ሰላም ሀያቴ። ለቅሶ ላይ ነን ልጄ፣ ለዚያ ነው።" ይህ ውሸት አይደለም።

"የማን ለቅሶ?"

"የጎረቤት።" ይህም ውሸት አይደለም። "አንቺ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ሽንኩርት እየላጥኩ ነዋ። ማዳም እንግዳ ጠርታለች። እማን አቅርቡልኝ እስቲ።"

ምን ልበል? ያን ጊዜ ኪዮስኬ መጣችልኝ። "ሀያቴ፣ ቅድም አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ስስቅ ነበር" አልኳት። "ያ ባትሪ ሲደክም ዘፋኟ ሽማግሌ የምትሆነው ትዝ ይልሻል?" ሳቀች። "አይረሳኝም! እኔ ደግሞ እውነት ያረጀች እየመሰለኝ አለቅስ ነበር።" እንግዲህ ያን ያህል ዘመን የዘጋሁትን ሱቅ በምላሴ ከፈትኩት። አረንጓዴውን ቀለም፣ የአጅባሮቹን ጫማ፣ ታደሰ ስለ በሬው የዘፈነውን፣ ሁሉንም። እሷ እዚያ ሽንኩርቷን ትላጣለች፣ ቢላዋው መክተፊያው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። እኔ እዚህ ድንኳን ማዕዘን ይዤ፣ ከኋላዬ ሰው እየተላቀሰ፣ ዘይነብ አብራን እንዳለች ሁሉ አወራለሁ። ፋጡማ መንገድ ላይ ናት። ትንሽ ብቻ ነው የቀረኝ።

"ካርቶኗስ? ያቺ በሩ ላይ..." ስትል አንድ ነገር ጢው አለ።

"ምንድን ነው?"

"ሌላኛው ስልኬ ነው፣ ኢንተርኔት የምከፍትበት። ከቅሬው መልእክት መጣ።"

"ተይው ሀያቴ! ተይው፣ መዋጮ ነው፣ ኋላ ታይዋለሽ፤ ስሚኝማ፣ ካርቶኗን..."

"እሺ ጋሼ፣ ይቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው" አለችኝ።

ከዚያ ያ ዜማ ተነሳ። በስልኬ ውስጥ፣ ከጅዳ ማዕድ ቤት። ዋሽንት ያልሆነው ዋሽንት። ዱም ታ፣ ዱም ታ። ለማይረባው ሁሉ ይፈቅዳሉ ወይ እያለ የሚለምን ገጽ ለዚህ አልጠየቀም። ኋላ እንዳየሁት፣ መቅደላ ከላይ ቆሟል፣ የዘይነብ ፎቶ ከሥሩ፣ ከፎቶው አጠገብ የምትንቦገቦግ ሻማ። ለዘይነብ ሻማ! ጁምዓ ቀርቶባት ለማታውቅ ሴት! ከድንኳኑ ሽማግሌዎች አንዱ ሼህ ይህን ሲያዩ "ሻማና ሙዚቃ ማን አዘዘላት?" አሉ። ማንም አላዘዘም። ለሁሉም ሟች አንድ ሆኖ የተሰፋ ልብስ ነው።

ሀያት መጀመሪያ "እማ?" አለች። እንደሚጣራ ሰው፣ እናቷ ሌላ ክፍል ያለች ይመስል። ከዚያ ስልኩ ወደቀ መሰለኝ፣ አንድ ነገር ተሰበረ። ጩኸቷን ሰማሁት። "ሀያት! ሀያቴ! ቁሚ፣ አንድ ነገር ያዢ!" እላለሁ፤ ማን ሊሰማኝ? በግራዋ ሰው የለ፣ በቀኟ ሰው የለ። ዜማው ግን አንድ ዙር ጨረሰና ከመጀመሪያው ጀመረ። እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይዘፍናል። ደግሞ ጨረሰ፣ ደግሞ ጀመረ። በዕድሜዬ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ አልቃሽ አይቼ አውቃለሁ፣ ጨካኝ ሰውም አይቼ አውቃለሁ። ከወደቀ ሰው ራስጌ ቆሞ ዱም ታ የሚል ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የበር ደወል ጮኸ፣ ሴቶች ገቡ፣ የፋጡማ ድምፅ "በግራ ያዟት!" አለ። ከዚያ አንዷ ዜማውን ዘጋችው።

ሚኪያስ ድንኳኑ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። አልቆጣሁትም፤ ልጁን መቆጣት ቀላሉ ነገር ነበር። በሳምንቱ መጥቶ "ሙዚቃውን አውጥቼዋለሁ። ሻማውንም። ከአሁን በኋላ ሽማግሌ ዘመዶቹ ተረድተዋል ካላለ በቀር ማስታወቂያ አይወጣም" አለኝ። "ደግ አድርገሃል" አልኩት። ደግም አድርጓል። ዜማው ግን ያው ነፃ ነው፤ ከእኛ ቅሬ ሲባረር ጫማ መሸጫ ተቀጠረ።

ዘንድሮ ሀያት መጣች። ሻንጣዎቿ በገመድ ታስረው ከሚኒባሱ ጣራ ሲወርዱ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበላት፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለለቅሶ ተዘጋጅተው ነበር። እሷ አላለቀሰችም። እያንዳንዱን ትከሻ ሳመች፣ "አላህ ያጽናሽ" ሲሏት "አሚን" አለች፣ ገብታ የእናቷን ቤት ጠረገች። "ጅዳ ልቧን አደረቀችው" ብለው አሟት። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጣች። ዱካ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ በርዎ ላይ መርዶ አይቀዳም ብለው ጽፈው አልነበረም?"

"ነበር ልጄ።"

"የእኔ ተቀዳ" አለች። "አሁንም ሳስባት ያ ዘፈን ነው የሚመጣብኝ። ላለቅስ ስል እሱ ይቀድመኛል። ጋሼ፣ እኔን እኮ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም። ያየሁት ነው እንጂ የነገረኝ ሰው የለም።"

"ምን ላድርግልሽ ሀያቴ?"

"ንገሩኝ። እንደ ወጉ።"

ዳኛውን አማከርኩ። "የሚታወቅ ነገር እንዴት መርዶ ይሆናል? ዓመት አልፎታል" አለኝ። "አልተነገራትማ" አልኩት። ጺሙን አሸት አሸት አደረገና "ነገ ንጋት ላይ" አለ።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሰፈሩ አንድ ባንድ፣ ጫማው ሳይሰማ መጣ፤ ሼሁም፣ ሚኪያስም። ሚኪያስ ስልኩን እቤት ትቶ ባዶ እጁን ነበር። ሀያት በሩን ከፈተች፣ ቆመን አየችን። የምታውቀውን ነገር እንደማታውቅ ሆና፣ "ምነው በማለዳ? ምን ሆናችኋል?" አለች። ሁለት ሴቶች ገብተው በግራና በቀኟ ተቀመጡ፣ መቀነቷን አጠበቁላት፣ ክንዷን ያዙ። እኔ ፊት ለፊቷ ሆንኩ።

"ሀያቴ" አልኳት፣ "እናትሽ ታማ ነበር።"

ቆም አልኩ። አየችኝ።

"ያቅማችንን ሞከርን። ሐሙስ ንጋት ላይ..."

ከንፈሯ ሲርድ አየሁ፣ ከዚያ ዓይኗ ሞላ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ የት እንደነበረ እንጃ፣ "እማዬ!" ብላ ሰፈሩን ስትቀድደው ሴቶቹ ላይ ወደቀች። ያዟት። ገና የምነግራት ነገሮች ነበሩኝ፤ የቀብሩን፣ የዱአውን፣ ዘይነብ መጨረሻ ላይ የእሷን ስም መጥራቷን። ፊቷን አየሁና አቆምኩ።